በጠባብ መሬት ላይ የተወለደ ውድድር

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ አስጎትተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ የጂዳንና የበሽሎን ገደል የሚያቋርጥ ነበርና ሠራዊቱ ቋጥኝ እየፈለጠ፣ ጥርጊያ እያወጣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀበት። ከኩታበር ተነሥቶ በተንታ በኩል ወደዚያ አምባ የሚጓዝ ሰው ገደሉን ሲያይ የዚያን ጉዞ ድካም ዛሬም ይገምተዋል። እንግሊዝም በዚያው ሰሞን የጄኔራል ናፒየርን ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ ለማራገፍ እየተሰናዳች ነበር።

ፈረንጆቹ ያንን ዓመት 1867 ይሉታል፤ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው። በዚሁ በ1867፣ ሴንት አንድሩስ በምትባል የስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተማ፣ የከተማዋ ወይዛዝርት ተሰባስበው የራሳቸውን የጎልፍ ማኅበር አቋቋሙ። በዓለም የመጀመሪያው የሴቶች ጎልፍ ማኅበር እርሱ ነው። በጊዜው ደንብ አንዲት ጨዋ ሴት ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ኳስ ብትመታ እንደ ነውር ይታይባት ነበር። ወንዶቹ ኳሱን ከአድማስ አድማስ የሚሰዱበት ሰፊ መስክ ለእነርሱ አልተፈቀደም። የተፈቀደላቸው ከአሸዋ ክምር መካከል የተቆረሰ፣ ጉብታና ጎድጓዳ የበዛበት ትንሽ መሬት ነበር። ሥራቸውም ኳሷን ከመሬት ሳያስነሡ በቀስታ ገፍተው ጉድጓዷ ውስጥ መክተት ብቻ ሆነ። ሜዳውን በማሰናዳት ስሙ የሚነሣው የታወቀው የሜዳ ጠባቂና ተጫዋች ሽማግሌው ቶም ሞሪስ ነው።

ጎልፍ ራሱ በዚያ አገር ገና ድሮ ሥር የሰደደ ነበር። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ሕዝቡ ቀስት መወርወር መለማመዱን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ተጠመደ ሲል ሁለቱንም በአዋጅ ከልክሏል። አዋጁ አልሠራም። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት መቶ ዓመታት ጎልፍ እየተስፋፋ ሄደ፤ መሬት ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ ወንድ የሆነ ሰው ጨዋታም ሆኖ ቀረ። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው ሙሉ የጎልፍ ሜዳ ከ50 ሄክታር በላይ ሊወስድ ይችላል። በወሎ ደጋ አንድ ሄክታር የማይሞላ ማሳ እያረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ብዙ ነውና ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። የሴንት አንድሩስ ሴቶች የደረሳቸው ግን አውድማን የሚያህል ነገር ነበር፤ ጨዋታቸውንም በእርሱ ልክ አበጁት።

የእኛም አገር ሰው በቆልማማ ዱላ ኳስ መምታት ያውቃል። በገና ሰሞን ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ሜዳውን ወሰን ሳያበጁለት፣ የተጫዋቹን ቁጥር ሳይቆጥሩ ይጋጠማሉ። ገና ሩጫና ግፊያ፣ ጉልበትና ድፍረት ይፈልጋል። ከሴንት አንድሩስ የሴቶች ሜዳ የተወለደው ጨዋታ መንገዱ ሌላ ሆነ። ቦታው ባነሰ ቁጥር ስሌቱ እየረቀቀ፣ እጅ እየረጋ ሄደ።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ነገሩ ብዙም አልተነቃነቀም። በ1912 አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ በመሰናክሎች መካከል ኳስ የሚመታበትን አዲስ ጨዋታ ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። በ1916 ደግሞ፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው የወሎ ጦር በተበተነበት ዓመት፣ የመርከብ ድርጅት ባለቤት የሆነው ጄምስ ባርበር በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ፓይንኸርስት ላይ ባለው የግል ርስቱ ውስጥ ትንሽዬ የጎልፍ ሜዳ አሠራ። ንድፉን የሠራለት ኤድዋርድ ዊስዌል ነው። መንገዶቹ በአጥርና በአበባ መደብ የተከፋፈሉ፣ ፏፏቴና ሐውልት ያጀባቸው ነበሩ። ያማረ ሥራ ነበር፤ ግን የአንድ ሀብታም ሰው አትክልት ቦታ ውስጥ ያለ፣ እንግዳ ካልተጠራ በቀር ማንም የማይረግጠው ነበር።

ጨዋታውን ከሀብታም ግቢ ያወጣው የሣር ጉዳይ ነው። በአጭር መንገድ ላይ ኳስ ስትንከባለል አንዲት የሣር ጉንጉን፣ አንዲት የደረቀች ሥር አቅጣጫዋን ታስታታለች። ሣሩን በየቀኑ ማጨድ፣ ማጠጣት፣ መዳመጥ የግድ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብና ሠራተኛ ይጠይቃል። ቶማስ ማኩሎክ ፌርቤርን የተባለ እንግሊዛዊ በሜክሲኮ፣ ትላሁዋሊሎ በተባለ ቦታ የጥጥ እርሻ ነበረው። ጎልፍ ይወዳል፤ አገሩ ግን ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ሣር አይበቅልበትም። በ1922 ገደማ መፍትሔውን ከእርሻው አገኘ። የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ተፈጭቶ ከአሸዋ፣ ከዘይትና ከቀለም ጋር ተለውሶ ሲነጠፍና ሲዳመጥ ለጥ ያለ አረንጓዴ ወለል ይወጣዋል። ዝናብ አያበላሸውም፣ ፀሐይ አያደርቀውም፣ ማጭድ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠዋት የተመታች ኳስ የሄደችበትን መንገድ ማታም የተመታችው ትሄድበታለች። ጨዋታው ወደ ውድድርነት ያመራበት የመጀመሪያው ርምጃ ይኸው ነው፤ እኩል ወለል ከሌለ ሁለት ሰዎችን ማወዳደር አይቻልምና።

የፌርቤርን ቅባት ለከተማ ተስማማ። በ1926 ድሬክ ዴላኖይና ጆን ሌድቤተር የተባሉ ሁለት ሰዎች በኒውዮርክ በአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ የመጫወቻ ሜዳ ከፈቱ። ከሥር መሬት በወርቅ ዋጋ በሚሸጥባት ከተማ ጣሪያ ባዶውን የተቀመጠ ሀብት ነበር። 1920ዎቹ ሳያልቁ በኒውዮርክ ጣሪያዎች ላይ ብቻ ከ150 በላይ ሜዳዎች ተሠርተዋል። ቢሮ ውሎ የሚወጣ ጸሐፊ፣ መደብር ውስጥ ቆማ የዋለች ሻጭ፣ ሊፍት ተሳፍረው ወጥተው በመብራት ይጫወቱ ጀመር። በዚያው በ1926 ሽሮደር የሚባል ጀርመናዊ አሜሪካ ደርሶ ባየው ነገር ተነሣሥቶ በሐምቡርግ ሜዳ ሠራ። በዋናው የአውሮፓ ምድር ከተሠሩት ቀደምት ሜዳዎች አንዱ ነው።

ከዚያ የጋርኔትና የፍሪዳ ካርተር ዘመን መጣ። ባልና ሚስቱ በቴነሲና በጆርጂያ ድንበር ላይ ባለው ሉክአውት በተባለ ተራራ አናት ላይ ሆቴልና መኖሪያ መንደር ይሠሩ ነበር። ሙሉ የጎልፍ ሜዳም አቅደው ነበር፤ እርሱ እስኪያልቅ እንግዶች እንዲጫወቱበት ትንሹን ሜዳ ከፈቱ። ፍሪዳ የልጆች ተረት አፍቃሪ ነበረችና በየመንገዱ የተረት ሰዎችን ምስል፣ ባዶ ግንዶችን፣ ዋሻዎችን አስገባችበት። ሰው ከትልቁ ጎልፍ ይልቅ በትንሹ ላይ ተረባረበ። ጋርኔት ወዲያው የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ፣ ቶም ታምብ የሚል የንግድ ስም ሰጥቶ፣ ሙሉ ሜዳዎችን በፋብሪካ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። የፌርቤርንን የጥጥ ቅርፊት ወለል የመጠቀም መብትም ገዛ። የታሪክ መጻሕፍት ዝናውን ለጋርኔት ይሰጣሉ። ሰውን ከመንገድ አስቁሞ ዱላ ያስጨበጠው ግን የፍሪዳ ንድፍ ነበር፤ ስሟ ከባሏ እኩል ሊነሣ ይገባል።

በ1929 መገባደጃ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ወደቀ። ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሰው ከሥራ ወጣ። እንግዳ የሚመስለው ነገር ትንሹ ጎልፍ፣ ማለትም ሚኒጎልፍ፣ ከሁሉ በላይ የገነነው በዚያ በጭንቅ ጊዜ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ በጥቂት ሳንቲም አንድ ምሽት ያሳልፋል። ባዶ የቀረ ቦታ ያለው ሰው በአሮጌ ጎማ፣ በጭስ ማውጫ ቱቦ፣ በወዳደቀ ሳንቃ መሰናክል እየሠራ ከጎዳናው ዳር ሜዳ ከፈተ። በ1930 የበጋ ወራት የአሜሪካ ንግድ መሥሪያ ቤት በአገሪቱ 25 ሺህ ገደማ ሜዳዎች እንዳሉ ገምቶ ነበር። በየከተማው የማዘጋጃ ቤት ሹሞች ጨዋታው ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ይቁም፣ እሑድስ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል እያሉ ተከራከሩ።

በ1930 የቶም ታምብ ብሔራዊ ውድድር ተጠራ። ማጣሪያው በ48ቱም ግዛቶች ተካሄደ፤ ለፍጻሜው ከ30 ግዛቶች ከ200 በላይ ተጫዋቾች ካርተሮች ወዳሉበት ተራራ ወጡ። ጠቅላላው ሽልማት 10 ሺህ ዶላር፣ የአንደኛው ድርሻ 2 ሺህ ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት መኸር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ልዑካንን ተቀብላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ንግሥ ታከብር ነበር። ከቶም ታምብ ውድድር በፊት ለሚኒጎልፍ እንዲህ ያለ ገንዘብ ያቀረበ፣ ከየአገሩ ማዕዘን ሰው ያስጓዘም አልነበረም። ለጨዋታ ሲባል ከቤት ርቆ መጓዝ፣ የማያውቁትን ሜዳ አጥንቶ መግጠም ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሚኒጎልፈኛ ልማድ ሆነ።

ግለቱ ግን እንደ መጣ ሄደ። አንድ መንደር ውስጥ አምስትና ስድስት ሜዳ ሲከፈት ገበያው ተበላላ፤ ችግሩም እየጠና ሲመጣ ለጨዋታ የሚተርፈው ሳንቲም ጠፋ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከእነዚያ በሺህ ከሚቆጠሩት ብዙዎቹ ፈራርሰዋል። ካርተር ንግዱን በጊዜ ሸጦ ስለነበር አልጎዳውም። ከፍሪዳ ጋር በዚያው ተራራ ላይ የዓለት አትክልት ቦታ አበጅተው በ1932 ለሕዝብ ከፈቱ፤ ቦታው እስከ ዛሬ ጎብኚ አይለየውም።

በዚያ ማዕበል ከተሠሩትና ካልጠፉት አንዱ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ምሥራቅ ፖቶማክ በሚባለው የመንግሥት መናፈሻ፣ ከጎልፍ ሜዳዎቹ አጠገብ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የሚኒጎልፍ ሜዳ ሳይቋረጥ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ አንጋፋው ለመባል በቅቷል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ብዙ አንባቢ መናፈሻውን ያውቀዋል ወይም ዘመዱ ያውቀዋል። የቦታው ታሪክ ግን መናፈሻ ብቻ አይደለም። ሲከፈት ለነጮች ነበር፤ የጥቁሮች ድርሻ ሌላ ቦታ ያለ የተጎሳቆለ ሜዳ ነበር።

በ1937 ሄለን ዌብ ሃሪስ የተባሉ መምህርት በቤታቸው አሥራ ሁለት ጥቁር ሴቶችን ሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለ የጎልፍ ማኅበር አቋቋሙ። ብዙዎቹ ባሎቻቸው ጎልፍ የሚጫወቱ፣ እነርሱ ግን ቤት የሚቀሩ ነበሩ። በዓመቱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቀረቡ፤ በከተማዋ ያሉ የመንግሥት ሜዳዎች ለሁሉም ይከፈቱ አሉ። በመጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ ሌላ ሜዳ ነበር። በ1939 ላንግስተን የተባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ሥፍራ ላይ ተከፈተ። ትግሉ አልቆመም። ደሴ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ከወጣች ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በጁን 1941፣ ጥቁር ጎልፈኞች ፖሊስ አጅቧቸው በምሥራቅ ፖቶማክ ሜዳ ላይ ገቡ። የተሰበሰበው ሰው ሰደባቸው፤ እነርሱ ግን ጨዋታቸውን ጨረሱ። ኢክስም ግብር የሚከፍል ዜጋ በመንግሥት ሜዳ የመጫወት መብት አለው ብለው አጸኑላቸው። በሴንት አንድሩስ ትንሽ መሬት ተሰጥቷቸው ዝም ካሉት ሴቶች ሰባ አራት ዓመት በኋላ የመጡት የዋሽንግተን ሴቶች ትልቁንም ጠይቀው አስከፈቱ። የሚኒጎልፍ ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ ሴቶች የሚዘለሉበት ምክንያት የለም።

አሜሪካ ውስጥ ፋሽኑ ሲከስም ስዊድን ውስጥ ጨዋታው ስፖርት እየሆነ ነበር። ኤድዊን ኖርማንና ኤስኪል ኖርማን የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ለብዙ ዓመታት አሜሪካ ኖረው የቶም ታምብን ግለት በዓይናቸው አይተው በ1930 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1931 ድርጅት አቋቁመው ሜዳ መሥራትና ማከፋፈል ጀመሩ። አንድ ነገር ግን ለወጡ፤ ፏፏቴውንና የተረት ምስሉን ቀንሰው በእንጨት የታጠረ፣ ቅርጹ የታወቀ፣ ከከተማ ከተማ የማይለያይ መም አበጁ። በስቶክሆልም የለመደ ሰው በሌላ ከተማ ያለውን ሜዳ እንደ ራሱ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ክለብ መመሥረት፣ ውጤት መመዝገብ፣ ሰውን ከሰው ማወዳደር ቀላል ሆነ። በ1937 የስዊድን ሚኒጎልፍ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በዓለም ላይ በዕድሜ አንጋፋው የጨዋታው ማኅበር እርሱ ነው። ከ1939 ጀምሮም ብሔራዊ ሻምፒዮና ይካሄዳል። ጦርነት አውሮፓን በሚያቃጥልበት ዘመን ገለልተኛይቱ ስዊድን ይህን ሥርዓት አሳድጋ አቆየችው።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ በ1938 ጆሴፍና ሮበርት ቴይለር የተባሉ ወንድማማቾች ኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ውስጥ የነፋስ ወፍጮ፣ ግንብና የውኃ ጉድጓድ የመሳሰሉ መሰናክሎች እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ሰው ሚኒጎልፍ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ያ የሚሽከረከር ወፍጮ የእነርሱ አሻራ ነው።

1954 ለዚህ ጨዋታ ሁለት ልጅ የወለደ ዓመት ነው።

የመጀመሪያው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ፖል ቦኚ የጄኔቫ ሰው፣ የአትክልት ቦታ ንድፍ ባለሙያ ነበር። እያንዳንዱ መም 12 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ወርድ እንዲኖረው፣ በሲሚንቶ እንዲሠራ፣ በብረት ጠርዝ እንዲከበብ አድርጎ 18 መሞችን ነደፈ፤ ሚኒጎልፍ የሚለውንም ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። በዚህ ልክ የተሠራው የመጀመሪያው ሜዳ ማርች 19 ቀን 1954 በአስኮና ተከፈተ። ሲሰላ 18ቱ መሞች በአንድነት የሚይዙት የመጫወቻ ወለል 270 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከዚህም ያነሰ መጣ፤ ኢተርኒት በሚባል ሰሌዳ የሚሠራው መም 6 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ነው። 18ቱ ተደምረው መቶ ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ሰሌዳው ተፈታትቶ በመኪና የሚጫን፣ ሌላ ከተማ ወስደው የሚገጥሙት ስለሆነ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በአጎራባች አገሮች መናፈሻዎች በፍጥነት ተዛመተ።

ሁለተኛው በሰሜን ካሮላይና፣ ፌየትቪል ከተማ ነው። ዶን ክሌይተን የኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። ሥራ አብዝቶ ሰውነቱ ሲዝል ሐኪም አንድ ወር እንዲያርፍ አዘዘው። በዕረፍቱ ወደ አንድ ሚኒጎልፍ ቤት ገብቶ ቢጫወት ውጤቱን የሚወስነው የተጫዋቹ እጅ ሳይሆን ዕድል መሆኑ አናደደው፤ ቤቱ ተመልሶ በትንንሽ ካርዶች ላይ የራሱን መሞች መንደፍ ያዘ። ፑት ፑት ያለው ሜዳ ላይ ወፍጮና ምስል የለም። እያንዳንዱ መም በሁለት ምት እንዲያልቅ የተሰላ ነው፤ መላው ዙር 36 ማለት ነው። ጎበዝ ተጫዋች ማዕዘኑን አስልቶ ግድግዳውን አጋጭቶ በአንድ ምት ሊያስገባ ይችላል። ክሌይተን የሙያ ተጫዋቾች ማኅበር አቋቁሞ ውድድሩን እስከ ቴሌቪዥን አደረሰው። ቦኚና ክሌይተን ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው ጨዋታው ራሱ ምን ይጠይቅ እንደነበር ያሳያል። ዕድል ይውጣ፣ ልኬት ይግባ ነው ነገሩ።

ልኬቱ ከገባ በኋላ የተፈጠረውን ጥበብ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ለማመን ይቸግረዋል። በአውሮፓ የክለብ ተጫዋች አንድ ኳስ ይዞ አይመጣም። ሣጥን ሙሉ ኳስ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሜዳ የዞረ ሰው ደግሞ በመቶ የሚቆጠር አለው። በዓለም አቀፉ ደንብ የኳስ ስፋት ከ37 እስከ 43 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ክብደቱ፣ ጥንካሬው፣ የላዩ ልስላሴና የመንጠር አቅሙ ግን በተጫዋቹ ምርጫ ነው። አንዱ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ይፈናጠራል፤ ሌላው እዚያው ሞቶ ይቀራል። ጠርዝ አጋጭቶ ጉድጓድ ለመግባት የመጀመሪያው ያስፈልጋል፤ ሽቅብ ወጥቶ አናት ላይ ለመቆም ሁለተኛው። ጎማ ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚነጥር ተጫዋቾች ኳሱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ያሞቁታል፣ በበጋ ደግሞ በማቀዝቀዣ ቦርሳ ይይዙታል። ጠዋት በቀዝቃዛው አየር የሠራ ኳስ ቀትር ላይ ይከዳል። ስለዚህ ብርቱ ተጫዋች ከውድድሩ ቀናት ቀደም ብሎ ሜዳው ደርሶ በየመሙ የትኛው ኳስ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ነጥብ ተነሥቶ እንደሚሠራ በማስታወሻ ይይዛል።

ቆጠራው ግን ቀላል ነው። ኳሷ በስድስት ምት ካልገባች ሰባት ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዝቅተኛ ያስቆጠረ ያሸንፋል። ከእርሱ በታች ሊወረድ የማይቻለው ውጤት 18 ነው፤ 18ቱንም መም በአንድ አንድ ምት መጨረስ። በኢተርኒት መም ላይ ይህን ያደረጉ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። በሲሚንቶው መም ላይ ግን እጅግ የበረታ ነገር ነው፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ መነሻው ላይ የተፈጠረች የሚሊ ሜትር ስሕተት ጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ ሰፍታ ትገኛለች። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የእሳት ልጅ የሚባል ወጣትና ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ፣ ወንድና ሴት በአንድ ሜዳ እኩል የሚወዳደሩት ጉልበት ምንም ስለማይጨምር ነው።

በ1991፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ኦስሎ ውስጥ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ከተማ እየለወጠ ሄዷል። በ2015 የፊንላንዷ ላህቲ፣ በ2017 የክሮኤሺያዋ ዛቶን፣ በ2019 የቻይናዋ ዡዧንግ አስተናገዱት። ለብዙ ዘመን የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የስዊድንና የቼክ ሰዎች ጨዋታ ሆኖ የቆየው ውድድር እስያ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሜሪካም ወደ ውድድሩ ተመለሰች። በደቡብ ካሮላይና የምትገኘው ሚርትል ቢች በባሕር ዳር አውራ ጎዳናዋ ግራና ቀኝ የእሳተ ገሞራ፣ የባሕር ወንበዴ መርከብና የዳይኖሰር ምስል ያቆሙ በደርዘን የሚቆጠሩ ሜዳዎች አሏት። የሙያ ተጫዋቾች ማኅበር እዚያው ተመሥርቶ ከ1997 ጀምሮ ዓመታዊ የማስተርስ ውድድር ያካሂዳል። እንግሊዝ ደግሞ በ2003 በሄስቲንግስ የባሕር ዳር ከተማ ወፍጮና ድልድይ ባሉት የድሮው ዓይነት ሜዳ ላይ የራሷን የዓለም ውድድር ጀመረች። እነዚህን ቦታዎች በዓመት ዑደት የሚከተሉ ተጫዋቾች ተፈጠሩ። አንዱን በጋ በአውሮፓ የሲሚንቶ መሞች ላይ፣ መኸሩን በአሜሪካ ምንጣፍ ላይ የሚያሳልፉ፣ ገና ያልረገጡት ሜዳ ካለ አውቶቡስ ተሳፍረው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ሽልማቱ ለብዙዎቹ የጉዞውን ወጪ አይሸፍንም። የሚጓዙት አዲስ ሜዳ አዲስ ጥያቄ ስለሚያቀርብላቸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በ2013 የገነነው የኦሊቪያ ፕሮኮፖቫ ስም ነው። የቼክ ሪፐብሊክ ልጅ ስትሆን ገና በልጅነቷ ዱላ ጨብጣ ያደገች ናት። በዚያ አንድ ዓመት የአሜሪካን ኦፕን፣ የሚርትል ቢችን ማስተርስና የሄስቲንግስን የዓለም ውድድር ሦስቱንም ወሰደች። ያሸነፈቻቸው ሴቶችን ብቻ አይደለም፤ ውድድሮቹ ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው። ውድድር ካለበት ከተማ ቀደም ብላ ትደርስና ሜዳውን ለረጅም ሰዓታት እየደጋገመች በማጥናት ትታወቃለች።

በኢትዮጵያ ትልቁ ጎልፍ ሥፍራው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ፤ ወደዚያ የሚገባው ግን ጥቂት ሰው ነው። የገና ጨዋታ ደግሞ በስዊድን ሚኒጎልፍ ላይ የደረሰው ነገር ደርሶበታል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ወሰን ያልነበረውን ሜዳ ለክቶ፣ የተጫዋቹን ቁጥርና ሰዓቱን ወስኖ፣ ክልሎች እየተገናኙ የሚወዳደሩበት ስፖርት አድርጎታል። ከኩታበርና ከቦረና መንደሮች ሜዳ የተነሣ ጎረምሳ ከሌላ ክልል ልጅ ጋር በአንድ ደንብ ሊገጥም የሚችለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሚኒጎልፍ የወሎ ከተሞች ዘንድ ቢደርስ ቦታ አያጣም። የደሴ ዳገት ላይ የተቆረሰ እርከን፣ የኩታበር ወጣት ማዕከል ግቢ፣ የመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ጥግ መቶ ካሬ ሜትር ወለልና በመሞቹ መካከል የመተላለፊያ መንገድ ይበቃዋል። አሸዋ፣ ሲሚንቶና ጠርዝ የሚሆን ብረት ደግሞ በአካባቢው ግንበኛ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ከግንቡ ይልቅ የሚከብደው ስዊድናውያኑ በ1937 የሠሩት ሥራ ነው፤ ክለብ አቋቁሞ፣ ውጤት የሚይዝ መዝገብ ከፍቶ፣ ከጎረቤት ከተማ ጋር ቀን ቆርጦ መገናኘት።